የእታለም በረዶ

ባለፈው የካቲት ለሥራ ቡሬ ሄጄ ከነቀምት መገንጠያው አጠገብ ካለች ጁስ ቤት ጎራ አልኩ። አስተናጋጇ ፓፓያ ልታወጣ የትልቁን ፍሪጅ ክዳን ስታነሣው ያ ሽታ ወጣ፤ የበሰለ ፓፓያ፣ የከረመ በረዶና የረጠበ ፌስታል አንድ ላይ። ለሌላው ሰው ሽታ በአፍንጫው ይገባዋል። ለእኔ የገባኝ ግን በግራ ጉልበቴ ነው፤ እዚያው እንደቆምኩ ቀዘቀዘኝ። ጁሴን ተቀብዬ ጥግ ይዤ ስቀመጥ እግሬ ሳላዝዘው ከፊቴ ያለው የለስላሳ ሣጥን ላይ ወጣ። ልጅቷ አየችኝና "ጋሼ፣ እግርዎን ያውርዱ እንጂ" አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ? እኔ በዚያ ሰዓት ቡሬ አልነበርኩም። ፍኖተ ሰላም፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

እታለም ታላቅ እኅቴ ናት። ስሟ ስመኝ ነው፤ ግን በእኛ ቤት ታላቅ እኅት በስሟ አትጠራም። ያን ዓመት እሷ ሃያ ሦስት፣ እኔ ዐሥር ዓመታችን ነበር። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ይዛ፣ ከአንድ ማኅበር ቢሮ ሥራ ተገኝቶላት፣ ወንበሯ ተዘጋጅቶ ሳለ ሄዳ ጁስ ቤት ተቀጠረች። ሰፈሩ ጉድ አለ። አባዬ እህል ነጋዴ ነው፤ ነገር በሚዛን ካልተመዘነለት አይገባውም።

"እኔ ዲፕሎማ ያስተማርኩሽ አቮካዶ እንድትፈጪ ነው?" አላት።

"አቮካዶውን አይደለም አባዬ" አለች፤ "ፍሪጁን ነው የፈለግሁት።"

ፍሪጁን የፈለገችው ለእኔ ነው። በሰፈራችን ያኔ በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ያለው ቤት አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ደሜ አይረጋም። ሌላ ልጅ ጉልበቱን ከዴስክ ጋር ቢያጋጭ "ውይ" ብሎ ያልፋል። እኔ ስጋጭ ቁስል ሳይታይ ደሙ መገጣጠሚያዬ ውስጥ ይፈስሳል፤ በማግስቱ ጉልበቴ ቅል ያክላል፣ ይግላል፣ አይታጠፍም። ያን ጊዜ በረዶ ይዞ፣ እግር ሰቅሎ፣ ዝም ብሎ መተኛት ነው። ዝም ብሎ መተኛት ለዐሥር ዓመት ልጅ ከበሽታው የባሰ በሽታ ነው።

ይህን ከማወቃችን በፊት እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ወጌሻ ዘንድ ሄደናል። ማንኩሳ አጠገብ አንድ ስመ ጥር ወጌሻ ነበሩ፤ የስንቱን ገበሬ እግር አቅንተው ከሞፈሩ ጋር ያገናኙ ደግ ሽማግሌ። ጉልበቴን አዩና "ወለምታ ነው" አሉ፤ ቅቤ ቀብተው እጃቸው እስኪደክም አሹኝ። ሲመሽ ጉልበቴ የሁለት ሰው ጉልበት አከለ። አልቀየምኳቸውም፤ የሚያውቁት አጥንት ነው እንጂ ደም አይደለም። እታለም ግን በማግስቱ አዝላኝ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሙ መርምሮ፣ አስመርምሮ "ሄሞፊሊያ ነው" አለ። ከዚያ ወረቀት አወጣና የቤታችንን ሰው በሥዕል ሠራው፤ ሴቱን ሁሉ ክብ፣ ወንዱን ሁሉ ሣጥን አድርጎ። የእኔን ሣጥን በእስክሪፕቶ አጠቆረው። እታለም ሁለት አጎቶቻችን በልጅነታቸው ደም ፈስሷቸው እንደሞቱ ስትነግረው፣ ከእማዬ ጎን ሁለት ሣጥን ሠርቶ እነሱንም አጠቆራቸው። የእማዬን ክብ ግማሹን ብቻ አጠቆረ። የእታለም ክብ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ገታ አደረገና የጥያቄ ምልክት ጻፈበት። ነገሩ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚወርድ፣ እሷም ይዛው እንደሆን ለማወቅ ሌላ ምርመራ እንደሚያስፈልግ፣ ምርመራው ደግሞ እዚያ እንደሌለ ነገራት። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ እታለምን ጥያቄ ጠይቋታል፤ እሷም እንደ እኛ ክፍል ልጅ ተነሥታ መመለስ አለባት። መቼ እንደምትመልስ ስጠብቅ ከረምኩ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ጁስ ቤት እሄዳለሁ። እታለም በረዶውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ጉልበቴ ላይ ታስርልኛለች፤ እግሬን የለስላሳ ሣጥን ላይ ሰቅዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ደንበኛ ሁሉ "ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?" ይላል። እማዬ ብትሆን "ወድቆ ነው" ትላለች። የአባዬ እኅት እትዬ ዘነቡ ቢሆኑ "ዐይን በልቶት ነው" ብለው እንትፍ እንትፍ ይሉብኛል። እታለም ግን ማንጎዋን እየላጠች፣ የጁስ ዋጋ እንደምትናገር ሁሉ "ደሙ አይረጋም፤ ሄሞፊሊያ ይባላል፤ አብሮ በመቀመጥ አይጋባም፤ ስኳር ልጨምርልዎ?" ትላለች። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበትን ነገር እሷ ከፍ አድርጋ ስትናገረው፣ የምታወራው ስለ ሌላ ልጅ ይመስለኝ ነበር፤ ትንሽ ደፈር ስላለ፣ ምንም ስላላጠፋ ልጅ።

ትምህርት ቤት ስሜ "እንቁላሉ" ነበር። እሱንስ ለምጄዋለሁ። አንድ ቀን ግን አብሮኝ የሚቀመጠው አንተነህ እናቱ "ደሙ ይጋባብሃል" ስላለችው ደብተሩን ሰብስቦ ሌላ ዴስክ ሄደ። ለእታለም እያለቀስኩ ነገርኳት። አላባበለችኝም።

"ነገ ወተት ይዤ እመጣለሁ" ብቻ አለች።

በማግስቱ መምህራችንን አስፈቅዳ ሁለት ብርጭቆ ወተትና አንድ ሎሚ ይዛ ክፍላችን ገባች። አንደኛው ብርጭቆ ላይ ሎሚውን ጨመቀችበት። ወተቱ መቋጠር ሲጀምር የክፍሉ ልጅ አንገት ሁሉ ተሰገገ።

"የእናንተ ደም እንዲህ ነው" አለች፤ "ስትቆስሉ ይቋጠርና በሩን ይዘጋል። የወንድሜ የይበልጣል ደግሞ እንደዚህኛው ነው፤ ሎሚው ጎድሎታል። በቃ። አብራችሁት ብትቀመጡ ሎሚያችሁን አይወስድባችሁም።"

አንተነህ እጁን አወጣ። "ታዲያ ሎሚ ለምን አይጠጣም?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እታለም ግን አልሳቀችም። "ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሱ ሎሚ በመርፌ ነው የሚሰጠው፤ ያውም ባሕር ዳር፤ ያውም ሲገኝ" አለችው።

አንተነህ በሳምንቱ ዴስኬ ላይ ተመለሰ። እንቁላሉ መባሌ አልቀረም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ሲጋፉ "ኧረ እንቁላሉን ተጠንቀቁ!" የሚሉት እነሱው ሆኑ። ለገና ጨዋታም ዳኛ አደረጉኝ። አንተነህ ካለበት ቡድን በኩል ያዘነበልኩባቸውን ጨዋታዎች እግዜር ይቁጠራቸው።

ዐርብ ዐርብ ደግሞ ደሳለኝ የሚባል ሰው ከቡሬ ይመጣ ነበር፤ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሽያን ነው። ሁለት ብርጭቆ አቮካዶ ይጠጣል፤ ሦስተኛውን ያዝዝና ሳይነካው ወደ ፍሪጁ በኩል ሲያይ ይቆያል። የሚያመው ቦታ ኖሮ በረዶ ለመጠየቅ ያፈረ መሰለኝ። አንድ ዐርብ አዝኜለት የራሴን በረዶ ዘረጋሁለት። እታለም ፊቷን በሽርጧ ሸፍና እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ፍሪጁ አጠገብ የምትቆመው እሷ መሆኗን ያኔ ልብ አላልኩም።

ከጥምቀት በኋላ ሦስት ሽማግሎች ከቡሬ መጡ። የፊተኛው አያ ጥሩነህ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሰው። አባዬ "ይቀመጡ" ቢላቸው ሦስቱም በዱላቸው ተደግፈው ቆመው ቀሩ።

"ለምን አይቀመጡም?" አልኳት እማዬን።

"የሚለምን ሰው አይቀመጥም። 'ሰጥቻለሁ፣ ይቀመጡ' ሲባል ነው የሚቀመጥ" አለችኝ በሹክሹክታ።

አባዬ ደስ ቢለውም እንደ ወጉ "ዘመድ ላማክር" ብሎ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጣቸው። በሚቀጥለው ሰባት ቤት ሊቆጠር ነው፤ ተጋቢዎቹ ዘመድ እንዳይሆኑ የሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ትውልድ ይነሣል። ያን ጊዜ ማን በምን ሞተ፣ በማን ቤት ምን አለ የሚለውም አብሮ ይነሣል። እትዬ ዘነቡ ለዚህ ነበር የመጡት።

"ልጁ አይታይ" አሉ ሰው ሁሉ ባለበት። "ማንኩሳ አያቱ ዘንድ ይሂድ። ይህን እግር ያየ ሰው ልጅ ይድራል?"

እማዬ አንገቷን ደፋች። እኔም እንግዶቹን ደሜ እንዳይነካቸው የተፈራ መሰለኝና ተስማማሁ። ግን የቀጠሮው ሰሞን ጉልበቴ እንደገና አብጦ የሚኒባሱን ንውጥውጥታ አልቻልኩትም፤ ስለዚህ ጓዳ፣ የበቆሎ ከረጢት ላይ አስተኙኝ። እትዬ ዘነቡ ጣታቸውን ቀስረው "እንዳትተነፍስ!" አሉኝ። እኔም የምሬን ትንፋሼን ይዤ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ፤ ሲያቅተኝ በጋቢ ውስጥ ትንሽ እተነፍሳለሁ።

እታለም እዚያው ጓዳ ጠላ ትቀዳ ነበር። ሽማግሎቹ ከወዲያ ማዶ ይቆጥራሉ። በአባዬ በኩል ሰባት ቤት ተቆጥሮ አልተገናኙም። ወደ እማዬ ወገን ተዞረ።

"ወይዘሮ ወንድም የላቸውም?" የሚለው የአያ ጥሩነህ ድምፅ ነበር።

"ሁለት ነበሯት፤ በሕፃንነታቸው ዐረፉ" አለ አባዬ።

"ነፍስ ይማር። በምን?"

ከዚያ አባዬ "በኩፍኝ" አለ።

እታለም ጆጉን አስቀመጠች። ወደ እኔ መጥታ ጀርባዋን ሰጥታ ተንበረከከች።

"ና፣ ታዘል" አለችኝ።

"እትዬ ዘነቡ እንዳትተነፍስ ብለውኛል።"

"እኔ እተነፍስልሃለሁ" አለች።

የምትታጭ ልጅ ሳትጠራ ሽማግሌ ፊት አትገባም። ብትገባም ዐይኗን ሰብራ፣ የሚቀዳ ነገር ይዛ ነው። እታለም የዐሥር ዓመት ወንድሟን አዝላ፣ ቀና ብላ ገባች። ልቧ ሲመታ በጀርባዋ በኩል ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። መደቡ ላይ አስቀመጠችኝ፤ የሱሪዬን እግር ወደ ላይ ጠቀለለች፤ በረዶውን ጉልበቴ ላይ አስተካከለች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

"አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። አጎቶቼ በኩፍኝ አልሞቱም። አንደኛው በስምንተኛ ቀኑ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ነው። ሁለተኛው ጥርሱ ወልቆ ነው። ይህ ወንድሜ ይበልጣልም እንደነሱ ነው። እሱ ግን በሕይወት አለ፤ ምን እንደሆነ ዐውቀናልና። በእናት በኩል የሚወርድ ነው። እኔ ውስጥ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም፤ ወንድ ልጅ ብወልድ እንደሱ ሊሆን ይችላል። ደሳለኝ ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ። ለእናንተ ሳይናገር የቀረው ስለከበደው ነው። ይህን ሳትሰሙ ቃል እንድትቀበሉ አልፈልግም።"

መለሰች! አልኩ በልቤ። የሐኪሙን ጥያቄ ቆማ መለሰች። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ነገር ነበርና ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ የሌላውን ሰው ሁሉ ፊት ግን አመድ መስሎ አየሁት።

አያ ጥሩነህ ጎንበስ ብለው ጉልበቴን አዩ። "ያመዋል?" አሏት።

"ራሱን ይጠይቁት" አለች።

"ያምሃል ልጄ?"

ሰው በተሰበሰበበት እኔን ራሴን የጠየቀኝ ሰው ያን ቀን አየሁ። "ሲቀዘቅዝ ይሻለኛል" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "የሰማነውን ለላኩን እናደርሳለን" ብለው ሦስቱም ጠላ ሳይቀምሱ ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ እትዬ ዘነቡ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "ገበናችንን አደባባይ አሰጣሽው!"

ያን ጊዜ እማዬ ከተቀመጠችበት ተነሣች። "ወንድሞቼ ገበና አይደሉም" አለች። "ታፈረና ሞላ ነው ስማቸው።" እማዬ ስማቸውን ስትጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እታለምን ማናገር ተወ። ጨው ሲፈልግ እንኳ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ "ለእኅትህ ንገራት" ይለኝ ጀመር። ወሬው ቡሬ ደርሶ፣ ማንኩሳን ዞሮ፣ ጣጣውን አብዝቶ ተመለሰ። በመጀመሪያው ዐርብ እታለም ፀጉሯን ተሠርታ ጠበቀች። በሁለተኛውም። በሦስተኛው አልተሠራችም። ፓፓያ ስትከትፍ እንባዋ ሲወርድ አየሁ። እኔ ቀጥ ብዬ ብሄድ፣ የቡሬ መንገደኛ አይቶኝ "ልጁ እኮ ደኅና ነው" ብሎ ቢያወራ፣ ደሳለኝ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ገና ያልዳነ እግሬን እያስረገጥኩ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ መናኸሪያውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ያየኝ መንገደኛ አልነበረም። ሳምንት ሙሉ ተኛሁ።

እታለም ያደረግሁትን ስትሰማ አጠገቤ ተቀምጣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። "ስማኝ፤ አንተ ያባረርከው ሰው የለም። እኔ የሚሄደውን ሰው ሳላገባው አወቅሁት፤ ተረፍኩ" አለችኝ። እያለቀሰች ነበር ግን። መትረፍና ማልቀስ አብረው እንደሚሄዱ አላውቅም ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት አያ ጥሩነህ ብቻቸውን ደጃፋችን ላይ ቆሙ። አባዬ ደነገጠ፤ ጋቢውን አስተካከለ፤ በርጩማውን በእጁ ጠረገ።

"ይግቡ፣ ይግቡ አያ ጥሩነህ። ይቀመጡ።"

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። እማዬና እኔ ተያየን።

"መጀመሪያ ክፉውን ልናገር" አሉ። "የደሳለኝ ወገኖች አይሆንም ብለዋል። ልጁም ዝም ብሏል። ዝምታውን እኔ አልወደድኩለትም።"

እታለም ልብስ ከምታጥብበት ቀና ብላ "እሺ አባቴ" አለች።

"የቆምኩ ግን ለሌላ ነው" አሉ አያ ጥሩነህ፤ ወደ ደጅ ዞረውም "ነይ ግቢ እንጂ!" ብለው ተጣሩ።

አቧራ የለበሰች ሴት ገባች። ጀርባዋ ላይ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ታዝሏል። ከነጠላው በጎን የወጣው ጉልበቱ ቅል ያክላል።

"ይች ከማንኩሳ ወዲያ ካለው ገጠር ናት። ሁለት ወንድ ልጅ ቀብራለች፤ ይኸ ሦስተኛዋ ነው። ወጌሻ ዘንድ ስትሄድ ቡሬ ገበያ ላይ የዚህን ቤት ነገር ሲያወሩ ሰማች። ሰዉ ሊያማ ነው ያወራው፤ እሷ ግን ስም ያለው በሽታ መኖሩን ሰማች። 'ወንድሟን አዝላ ሽማግሌ ፊት የገባችው ልጅ የት ናት?' እያለች ስትጠይቅ እኔ ላይ ደረሰች።" ወደ አባዬ ዞሩ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያረጀሁ፤ ሲሠራ ያየሁት ግን እዚህ ቤት ነው። አያ በላይ፣ ዛሬም ልጅዎን ልለምንዎ ነው የመጣሁ። ለደሳለኝ አይደለም፤ ለዚች እናት። ባሕር ዳር ታድርሳት፤ ሐኪሙን ታውቀዋለች፤ አነጋገሩንም ታውቃለች። ይስጡኝ።"

አባዬ የልጁን ጉልበት አየ። ዞሮ የእኔን አየ። ከዚያ ከወር በላይ ቀና ብሎ ያላያትን ልጁን አየ።

"ሰጥቻለሁ" አለ። "ሰጥቻለሁ፤ ይቀመጡ።"

አያ ጥሩነህ ተቀመጡ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እታለም እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወደ ሴትዮዋ ሄደች። ሴትዮዋ ሌሊቱን በእግሯ የመጣች ነበረች። እታለም ጀርባዋን ሰጥታ ተንበረከከችና ልጁን "ና፣ ታዘል" አለችው።

በዚያ ጀርባ ላይ ከእኔ ሌላ ሰው አይቼ አላውቅም። ቀናሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ በረዶዬን ከጉልበቴ ላይ ፈትቼ ሰጠሁት።